የጨፌው ምርቃት

ውድ አክስቴ አትራክታ፣

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ፊንታን ደጃፌ ላይ ቆሟል፤ ኮፍያውን አውልቆ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ቄሱ እያፈጠጡበት ኮፍያውን እንደማያወልቅ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ጎረቤቴ ሆኖ መላጣ መሆኑን ያወቅሁት ገና ዛሬ ነው። ዝናቡ በመላጣው ላይ እየወረደ እሱ ዝም ብሎ ያየኛል፣ እኔም በካልሲዬ ቆሜ አየዋለሁ። በጅራቱም ቢሆን ሰላም ያለኝ ውሻው ብቻ ነው።

ይህን ወሬ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ከሞትሽ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እግሬ ግን እስካሁን አልሰማም። ደስ የሚል ነገር ባገኘሁ ቁጥር ወደ ቤትሽ ይወስደኛል፣ የተዘጋውን መስኮትሽን ሳይ ነው የሚገባኝ። ዛሬም ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመለስኩና ወረቀት አወጣሁ። ደግሞ በራሴ ፈቃድ ብቻ እየጻፍኩ እንዳይመስልሽ፣ ታዝዤ ነው፤ ማን እንዳዘዘኝ በኋላ ትሰሚያለሽ። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። አብዛኛውን ታውቂዋለሽ፤ ግን አንቺ ያለሽበትን ታሪክ ደጋግሞ መስማት አትጠዪም ነበር፤ አትካጂኝ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በፊንታን ጨፌ ነው። ከድልድዩ በታች ኦወንካራ ወንዝ ታጥፎ የሚያልፍበት፣ ክረምት ከበጋ እግር የሚያረጥበው ያ ረጅም መስክ። ለሌላው ሰው ከብት የሚግጥበት ሣር ነው። ላንቺ ግን በወንዛችን ውስጥ ሳልሞን የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን የምትጥልበት የመጨረሻው ጠጠር ያለበት ቦታ ነበር። ከላይ በኩል የነበረውን ጠጠር ለመንገድ ሥራ ጭነው ጨርሰውታል፤ ከታች ያለው በደለል ተቀብሯል። በጨፌው ጥግ የቀረውንም የፊንታን ጊደሮች እየገቡ ይረግጡታል፣ ዳሩንም ይንዱታል። "ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ፣ ፏፏቴውን ዘላ መጥታ እንቁላሏን ላም እግር ሥር ትጣል?" ስትዪ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሰው ቁስል ስታጥቢ እንኳ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ።

በልጅነትሽ አባትሽ ትከሻው ላይ አድርጎ ከድልድዩ ላይ ያሳይሽ የነበረው ዓሣ ወንዙን እስኪያደፈርሰው ድረስ ይርመሰመስ ነበር። አንቺ የወረዳው ነርስ ሆነሽ በብስክሌት ስትዞሪ እየቀነሰ ሄደ። ጡረታ ስትወጪ ጠፋ። ለሐኪምሽ ምን እንዳልሽው አስታውሳለሁ። "ሳልሞን እዚያ ጠጠር ላይ ስትቆፍር ሳላይ አልሞትም።" እሱም ልብሽን ሲያዳምጥ ቆይቶ "እንግዲያውስ ቶሎ ነይ በያት" አለሽ።

ስለዚህ ፊንታን ዳሌውን ታሞ፣ ልጅም የለውና፣ ጨፌውን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ሌላ ሥራ አልነበረውም። ኬክ ተሸጠ፣ ሎተሪ ወጣ፣ በየቤቱ በር ተንኳኳ። ሐሳባችን መሬቱን ገዝተን ከብት እንዳይገባ ማጠር፣ ዳሩ ላይ አኻያ መትከል፣ ከዚያ ለወንዙ መተው ነበር። እኔ ጸሐፊው፣ ኡልታን ሊቀመንበሩ። ያ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ በየበሩ ጎንበስ ካላለ የማይገባው፣ ሆዱ ውስጥ ክፋት የሚባል ነገር የሌለው ኡልታን። ችግሩም እሱ ነበር።

ሁለታችን ወደ ፊንታን ቤት ሄድን። ሻይ በወተት ቀረበ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ በግ ገበያ ተወራ፣ በቅርብ ስለሞቱት ሁሉ በየተራ ተወራ። በመጨረሻ ፊንታን ጣራውን እያየ አንድ ዋጋ ጠራ። ዋጋው እብደት ነው፤ እብደት እንዲሆንም ነው የጠራው። በእኛ አገር ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር ሰላምታ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። ገዢው ደንግጦ መነሳት አለበት፣ ኮቱን መልበስ አለበት፣ በሩ ጋ ደርሶ መመለስ አለበት። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ይስታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

"ተስማምተናል!" አለ ኡልታን፣ ፊንታን አፉን ሳይገጥም። እጁንም ዘረጋ።

ፊንታን የተዘረጋውን እጅ አየ፣ አልነካውም።

"በዚህ ዋጋ?" አለ ፊንታን።

"በደስታ!"

ፊንታን ፊቱ አመድ መሰለ። ኩባያውን አስቀመጠ። "ምን አግኝታችሁበት ነው?"

"ምን ላይ?"

"መሬቴ ላይ ነዋ! ወርቅ ነው? ንገሩኝ፣ ወርቅ ነው አይደል?"

"ኧረ ፊንታን፣ ዓሣ ነው የምንፈልገው" አልኩት እኔ።

"ዓሣ! ሰው ለዓሣ ብሎ ይህን ያህል ሊከፍል? እኔን ሞኝ አደረጋችሁኝ? ውጡልኝ ከቤቴ!"

ኡልታን ከማኅበሩ ገንዘብ የሚጎድለውን ከራሱ ኪስ ሊሞላ አስቦ እንደነበር መንገድ ላይ ነገረኝ። ሚስቱ እስከ ዛሬ አልሰማችም፤ አንቺም አንድ ቀን እዚያ ብታገኚያት እንዳትነግሪያት።

በማግስቱ ፊንታን አካፋ ይዞ ጨፌው ውስጥ ታየ። እዚህ ይቆፍራል፣ ጥቂት ይራመድና እዚያ ይቆፍራል። መንደሩ በወሬ ታመሰ። አንዱ ወርቅ አለ፣ ሌላው አውራ ጎዳና ሊያልፍበት ነው አለ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ከነወታደሮቹ የተቀበረ የጥንት መርከብ አለ ብሎ ማለ። ፊንታን ያገኘው የአያቱን ፒፓና ብዙ ውሃ ነው። ወርቁን ማጣቱ ደግሞ ጭራሽ አስጠረጠረው፤ ጥልቅ ቢሆን ነው እንጂ አለ።

ከዚያ ጥድ የሚተክለው ኩባንያ መጣ። እነሱ መሬት ሲገዙ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ነው የሚተክሉት፤ ከመትከላቸውም በፊት ቦይ ይቆፍሩና ጭቃውን ሁሉ ወደ ወንዙ ይለቁታል። አንድ ክረምት ይበቃል፤ ያ ጠጠር በጭቃ ይደፈናል። የላኩት ሰው ግን ሥራውን ያውቃል። ጨፌውን በቦቲ ጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና "ይህ መሬት ነው ወይስ ሾርባ?" አለ። ፊንታን በፍቅር ወደቀለት። መጠጥ ቤት ገብቶ ለሁሉም ሲያወራ ሰማሁት። "ጨዋ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ መሬቴን ሲሰድብልኝ ዋለ።" ቅዳሜ ሊመለስና ሊጨርሱ ተቀጣጠሩ። ኤክስካቫተሩ ሰኞ ይመጣል ተባለ።

ያን ጊዜ ነው ኡልታንን ይዤ ወደ አንቺ የመጣሁት። ከአልጋ እንዳትነሺ ተከልክለሽ ኩሽና ውስጥ ዳቦ ስትጋግሪ አገኘንሽ።

"ወዲያው ተስማማን አላችሁት?" አልሽ።

"'በደስታ' ነው ያለው" አልኩሽ።

"ኧረ በማርያም!" እጅሽን ከሊጡ አወጣሽ። "አንተ ረጅም፣ የት ነው ያደግኸው አንተ?"

"አክብሬው እኮ ነው ሲስተር" አለ ኡልታን።

"አክብሬው ይላል! ሰውዬው ያንን መስክ የሚሸጥበትን ቀን እያሰበ ዕድሜውን ሙሉ ክርክሩን ሲለማመድ ኖሯል። አባቱ የሞተበት፣ እሱ ዳሌውን የጎዳበት መሬት ነው። አንተ ገብተህ ክብሪት እንደሚገዛ ሰው ብድግ አድርገህ ልትወስድ! ሁለት ቃል እንኳ የማትከራከርበት መሬት ምን ዋጋ አለው? መሬትህ ዋጋ የለውም ነው ያልከው።"

ኡልታን አንገቱን ደፋ። ጣሪያ የሚነካ ሰው አንገቱን ሲደፋ ያሳዝናል።

"ነገ ዓርብ ነው፣ እንሄዳለን" አልሽ። "ደላላዋ እኔ ነኝ።"

አያቴ፣ ያንቺ አባት፣ በየከብት ገበያው የታወቀ ደላላ እንደነበር ሰምቻለሁ። በሻጭና በገዢ መሀል የሚቆመው፣ ሁለቱንም የሚራገመው፣ ተቆጥቶ የሚሄደውን እጅጌውን ይዞ የሚመልሰው፣ በመጨረሻም የሁለቱን እጅ ያዝ አድርጎ በኃይል የሚያጋጨው። እጅ ከተጋጨ በኋላ ጠበቃና ወረቀት ጌጥ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሽ የኮቱን ጫፍ ይዘሽ አብረሽው ትቆሚ ነበር። ግን ሴት ደላላ በዚህ አገር ማን አይቶ ያውቃል? አንቺ ይህን እንደ ችግር አልቆጠርሽውም። ከቆጠርሽም አልነገርሽንም።

መጀመሪያ ኡልታንን ማሠልጠን ነበረብሽ። "ስደበው" አልሽው።

"ማንን?"

"መሬቱን!"

ዓይኑን ጨፈነ። "መሬቱ... እርጥብ ነው።"

"ጎበዝ። ቀጥል።"

"እርጥብ ነው... እርጥብ በመሆኑም ጠዋት ጠዋት ጉም ሲነሳበት እኮ..."

"አቁም! ሎርካን፣ ይህን ሰውዬ ውሃ አጠጣው" አልሽኝ።

ዓርብ ዕለት ያን ሰማያዊ የሥራ ካፖርትሽን ለብሰሽ የጨፌው በር ላይ ቆምሽ። ዝናብ ያካፋል። ፊንታን ከሩቅ ሲያይሽ ቀዘቀዘ።

"ሲስተር፣ መርፌ ልትወጊኝ ነው?"

"ሱሪህን አታውልቅ፣ ዛሬ ለሌላ ነው የመጣሁት። ይህ ረጅም ሰው መሬትህን ሊገዛ ይፈልጋል። ባለፈው ታሞ ነበር፣ ትኩሳት ነበረበት፤ ያለውን አትስማው።"

ፊንታን ኡልታንን ከላይ እስከ ታች አየው። "አሁንስ ተሽሎታል?"

"እየው እስቲ። ዋጋህን ጥራ።"

ጠራ። ከፊተኛው ይበልጥ ነበር! ኡልታን አንቺን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። "አ... አብደሃል እንዴ?" አለ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ። የፊንታን ፊት ሲበራ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ልጻፈው ብል ወረቀት አይበቃኝም። ኡልታን ዞሮ ሄደ፣ እጅጌውን ይዘሽ መለስሽው። ፊንታን ዞሮ ሄደ፣ በኮሌታው መለስሽው። "አንተ ቀማኛ!" አልሽው አንዱን፣ "አንተ ቆንቋና!" አልሽው ሌላውን። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። ኡልታን እየጋለ ሄዶ "ይህ መሬት ለከብት አይሆን፣ ለእህል አይሆን፣ ለምንም አይሆን!" ብሎ ጮኸ፤ ኩራት ተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ "ውሃው ግን እዚያ ጥግ ላይ ሲያበራ..." ሲል በቦቲሽ እግሩን ረገጥሽው።

"ምን አለ?" አለ ፊንታን።

"እግሬን አመመኝ አለ" አልሽ።

ማዶ ያለችውን ፊላ የበዛባትን ጥግም እንዲጨምር ጠየቅሽው። ያችንም ዳር ከብት እንዳይረግጥ ፈልገሽ ነው። ፊንታን ግን ዘለለ። "እሷንስ አፈር ሳልለብስ አትነኳትም! ጊደሮቼ የት ሊጠጡ ነው?" በዚህ ላይ ነገሩ ሊፈርስ ደረሰ። ለቀቅሽለት። ዋጋው ግን ወርዶ ወርዶ ማኅበራችን የሚችለው አጠገብ ደረሰና ቆመ። ፊንታን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ድምፁ ተለወጠ።

"ሲስተር፣ እናቴን አስታመሽ የቀበርሽ አንቺ ነሽ። ሰው ሊሞት ሲል እንኳ ዋሽተሽ አታውቂም። ንገሪኝ፣ ምን አለ መሬቴ ውስጥ?"

"ሳልሞን" አልሽው። "አባቴና አባትህ እዚህ አጥር ላይ ተደግፈው ያዩት የነበረው። ሌላ ምንም የለም።"

"ለዚያ ብቻ?"

"ለዚያ ብቻ።"

"እንግዲያው ሞኞች ናችሁ።"

"ነን። ከሞኝ ጋር መገበያየት ምን ያስፈራሃል?"

ፊንታን ወንዙን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን ከኪሱ አወጣ። አንቺ ሳትዘገዪ ያዝሻት፤ የኡልታንንም በሌላው እጅሽ ጎተትሽና አጋጨሻቸው፤ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ወፎች አስነሳ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያደነቅሁሽ ቀን የለም። ያበጠው እግርሽ ቦቲው ውስጥ አልገባ ብሎሽ በቢላ ቀደሽው እንደነበር ያወቅሁት ማታ ነው።

የቀረው ምርቃቱ ነበር። እጅ ከተጋጨ በኋላ ሻጭ ከተቀበለው ላይ ጥቂት መልሶ ለገዢው ለዕድል ይሰጠዋል፤ ያለዚያ ንግዱ ንግድ አይደለም። ሁላችንም የፊንታንን ኪስ እናያለን። እሱ ግን ኮፍያውን ጫን አደረገና "የዕድል ምርቃት የሚሰጠው ለዕድል ነው" አለ። "ዕድሉን ሳይ እሰጣለሁ።"

እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ተሰምቶ አይታወቅም። አንቺ ግን ሳቅሽ። "እሺ፣ ግን ምርቃቱ የደላላዋ ነው፣ ለእኔ ነው የምትሰጠው። እንዳትረሳ።"

"እኔ ምን ረስቼ አውቃለሁ?" ብሎ ሄደ። ቅዳሜ የጥዱ ኩባንያ ሰው ሲመጣ "ዘገየህ ጌታዬ፣ ካንተ የባሱ ተሳዳቢዎች ቀደሙህ" እንዳለው ሰማን።

አጥሩን አጠርን፣ አኻያውን ተከልን። የዚያን ዓመት ክረምት ትንሿን መኪናሽን የጨፌው በር ላይ አቁመሽ፣ ፔርሙዝሽን ይዘሽ፣ መስኮቱን በእጅጌሽ እየወለወልሽ ጠጠሩን ትጠብቂ ነበር። እኔም ከምሠራበት የመኖ መደብር ስወጣ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ፊንታን ከብቱን እየነዳ ሲያልፍ መስኮቱን ያንኳኳል።

"ዕድልሽ መጣ ሲስተር?"

"መንገድ ላይ ነው።"

"በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ያ ክረምት ተገባደደ። ሳልሞኗ አልመጣችም። በጥር ሆስፒታል ገባሽ። ያን ቀን ዓይንሽን ገልጠሽ "መጣች?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ልዋሽሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሊሞት ላለ ሰው ዋሽቶ የማያውቅን ሰው እንዴት ብዬ ልዋሽ? "አልመጣችም" አልኩሽ። "መሬቱ እንደሆነ የትም አይሄድም። አጥሩን ጠብቁ" አልሽ። ፊትሽ ላይ መከፋት አልነበረም። እኔ ነኝ እስከ ዛሬ የከፋኝ። ለሐኪሙ የሰጠሽውን ቃል አላከበርሽም ልልሽ አልፈልግም፤ ግን ሳታዪ ሄድሽ።

በቀብርሽ ላይ ፊንታን ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን ሳያወልቅ። ሰው ሁሉ ታዘበው። እኔም ቂም ያዝኩበት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬ ለውሻው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዛሬ ጠዋት ልመለስ። "ና" አለኝ።

"ምን ሆነ?"

"ና ነው የምልህ። ረጅሙንም ጥራው።"

ስልክ ደወልኩ። ኡልታን የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ካፖርት እንደለበሰ በቦቲ ጫማ መጣ። ፊንታን ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ይህ ሰው ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት በወንዙ ዳር ሲመላለስ ምን እንደሚያደርግ ስንጠይቀው "ጊደር ጠፍታብኝ" ይል ነበር። የጠፋች ጊደር እንደሌለችው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ድልድዩ ሥር ስንደርስ እጁን ከፍ አድርጎ አቆመን፤ ቅዳሴ ላይ ቄስ ሲያልፍ እንደሚደረገው ዝም አልን።

ሳልሞኗ እዚያ ነበረች፣ አትራክታ። በጎኗ ጋደም ብላ ጠጠሩን በጅራቷ ትገርፈዋለች፣ ጠጠሩም እየተነሳ ውሃው ውስጥ ያበራል። ከኋላዋ ቀላ ያለ ወንድ ሳልሞን ቆሟል። እንደገና ጋደም ትላለች፣ እንደገና ትገርፋለች። ያ ረጅም ሰው አጠገቤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አላፈርኩም።

የማልነግርሽ ነገር የለም፤ የምትቆፍረው ግን እኛ በገዛነው ዳር አይደለም። ማዶ ነው። በዚያች ፊንታን አፈር ሳልለብስ ባላት ጥግ ሥር፣ ጊደሮቹ ከሚጠጡበት ጎን። ጊደሮቹ ግን የሉም። ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ አሮጌ የአልጋ ብረት፣ የተሰበረ በር፣ የፊንታን የራሱ የዝናብ ካፖርት ሳይቀር ተደርድሮ መንገዱን ዘግቶታል። ፊንታን ከትናንት ጀምሮ ከጊደሮቹ ሲጠብቃት ነበር።

"አያችሁ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደረቱን ግን ነፍቶ። "ያን ሁሉ አጥር አጥራችሁ፣ ያን ሁሉ አኻያ ተክላችሁ፣ የመረጠችው የእኔን ጎን ነው።" ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። "እና... ዕድሉን አይቻለሁ። ማዶ ያለችው ጥግ ምርቃቷ ናት። ውሰዷት።"

"በስንት?" አልኩት፣ ደንግጬ።

"ምርቃት በስንት ይባላል? በነፃ!"

ኡልታንን አየሁት። ዓይኑ ገና እንባ አቅርሯል። አሁን "በደስታ!" ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"በነፃ?" አለ ኡልታን።

"በነፃ።"

ኡልታን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ማዶውን አየ። መሬቱን በቦቲው ረገጥ ረገጥ አደረገ።

"ውድ ነው" አለ። ዞሮም ወደ በሩ መሄድ ጀመረ።

የፊንታንን ፊት ብታዪው! መጀመሪያ አፉ ተከፈተ። ከዚያ ከወደ ዓይኑ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ፣ ፊቱ ሁሉ ሳቀ። "አንተ ቀማኛ!" ብሎ ጮኸ፤ ዓሣዋን ረስቶ ጮኸና አፉን በእጁ ያዘ። በሹክሹክታም ቀጠለ፤ "አንተ ቀማኛ! የአያቴን መሬት ውድ ነው ትላለህ?"

"ይህ መሬት ነው ወይስ ሾርባ?" አለ ኡልታን፣ እሱም በሹክሹክታ፣ እየሄደ።

"ሲስተር ናት ያስተማረችው!" አለኝ ፊንታን። ክንዴን ጨብጧል። "ሰማኸው? በነፃ ሲሰጡት ውድ ነው አለ! አንተስ ምን ቆመሃል? ሰውዬው እየሄደ ነው እኮ! ደላላ የለም እንዴ እዚህ?"

ሮጥኩ። የኡልታንን ነጭ እጅጌ ይዤ ጎተትኩ። ፊንታንንም "አንተ ቆንቋና" አልኩት፤ ሌላ ስድብ አልመጣልኝም፣ ካንቺ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ወንዙ ዳር ቆመን በሹክሹክታ ተከራከርን። ለጊደሮቹ የውሃ ገንዳ እኛ እንድንሠራ፣ ፊላውን እሱ እንዲያጭድ፣ የአልጋውን ብረት መልሶ እንዲወስድ ተስማማን። ከዚያ የፊንታንን እጅ በቀኜ፣ የኡልታንን በግራዬ ያዝኩ። ዓሣዋ እንዳትሸሽ ቀስ አድርጌ አጋጨኋቸው። አንድ አፍታ እጆቻቸውን መልቀቅ አቃተኝ። የአንቺ እጅ የነበረበት ቦታ ነበር። በጣም ናፍቀሽኛል፣ አትራክታ። ሌላ የማውቀው አባባል የለም።

ፊንታን ኮፍያውን ለበሰ። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ።

"ለሲስተር ንገራት" አለኝ፣ ወደ ኋላ ሳያይ። "ምርቃቷን እንደሰጠሁ ንገራት። ዘገየሁ፣ ግን አልረሳሁም በላት።"

"የት ሄጄ ልንገራት፣ ፊንታን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የማኅበሩ ጸሐፊ አንተ አይደለህ? ጻፍላት እንጂ!"

ይኸው ጻፍኩልሽ። ነገ ጠዋት ይህን ወረቀት አጥፌ ወደ መቃብርሽ ከመምጣቴ በፊት በጨፌው በኩል አልፋለሁ፤ እሷም አሁን ድረስ እየቆፈረች ነው። አጥሩን እንጠብቃለን። ማዶውንም እናጥራለን። ፊንታን ጠበቃው የጥጓን ስም ሲጠይቀው "ምርቃት" ብሎ እንዲጻፍ አዟል፤ ባለቤቷ ማን ናት ብትይ፣ ታውቂያታለሽ።

የወንድምሽ ልጅ ሎርካን፣
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደግሞ ደላላ